ከፎቶው ጀርባ የሚጻፈው

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ በሽታ አይሁን እንጂ የፈለግሽውን ተናገሪ» አሉኝ። እኔም ስለ ዶክመንተሪ ፎቶግራፍ ልናገር መረጥኩ። ምክንያቴ ሩቅ አይደለም። የከላላ ልጅ ነኝ። የእኔን ክፍለ ሀገር፣ ወሎን፣ የውጭው ዓለም ያወቀው በአብዛኛው በፎቶና በፊልም ነው። ውጭ አገር ስብሰባ ላይ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትሉ፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ከሆነ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ።

ፕሮጀክተሩ ተዘጋጅቷል፤ የረሃብ ፎቶ ግን አላሳያችሁም። አያስፈልግምም፤ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ይታያችኋል። ዛሬ የምናገረው ስለ ፎቶው ጀርባ ነው።

ልማዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድሮ ደሴ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳ ሰው ፎቶውን ለዘመድ ሲሰጥ በጀርባው ይጽፍበታል፦ ለማን እንደሰጠ፣ ማን እንደሆነ፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምህረቱን፣ «ለመታሰቢያ» የምትለዋን ቃል። ጀርባው የተጻፈበት ፎቶ ባለቤት አለው። ያልተጻፈበት ግን 30 ዓመት ሲያልፈው «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኛ ሐኪሞች ይህን ጽሑፍ ካርድ እንለዋለን። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ምን ሆኖ መጣ፣ ምን ተደረገለት፣ መጨረሻው ምን ሆነ። እስቲ የዶክመንተሪ ፎቶግራፍን ታሪክ በዚህ ዓይን እንየው።

ነገሩ ከሰፈራችን ይጀምራል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። የተጓዙበትን ገደል፣ የጦር ሰፈሩን፣ አምባውን አነሱ። በአገራችን ከተነሱት ቀደምት ፎቶዎች መካከል እነዚህ የወሎ ተራሮች አሉበት ማለት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ ሞቱ። እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ አረፉ። የ7 ዓመቱ ልዑል አለማየሁ ብቻውን እንግሊዝ ገባ፤ በዚያው ክረምት ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሳችው። ካሜሮን በዘመኗ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ነበረች፤ ፎቶውም ውብ ነው። ከሥሩ ስሙ አለ። አባትና እናቱን በጥቂት ወራት ውስጥ የተነጠቀ ልጅ መሆኑን ግን ከታሪኩ እንጂ ከፎቶው አታገኙትም። አለማየሁ በ18 ዓመቱ በሳንባ ሽፋን ሕመም እዚያው ሞተ።

ከዚያ ዘመን ብዙም ሳይርቅ፣ ካሜራ የድሃውን ኑሮ ለባለሥልጣኑ የማሳያ መሣሪያ ሆነ። ዴንማርክ የተወለደው ጋዜጠኛ ጄኮብ ሪስ በኒው ዮርክ የተጨናነቁ የድሆች ቤቶች ውስጥ ሌሊት እየገባ በፍላሽ ባሩድ ብርሃን ያነሳ ነበር፤ መጽሐፉ በ1890 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቀጥሎ የመጣው ሉዊስ ሃይን አስተማሪ ነበር። ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ፋብሪካዎችና የማዕድን ጉድጓዶች እየዞረ የሚሠሩ ሕፃናትን አነሳ። ሃይንን የምወደው እንደ ጥሩ ኢንተርን ስለሚጽፍ ነው፦ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራው፣ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው። የልጁን ቁመት በራሱ ኮት ቁልፎች ይለካ ነበር ይባላል። አሠሪው «ዕድሜው ደርሷል» ቢል መልስ ነበረው። የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛን ለመቃወም ፎቶዎቹ ማስረጃ መሆን የቻሉት ጀርባቸው ስለተጻፈበት ነው።

ዶሮቲያ ላንጅ ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የተራበች የቀን ሠራተኛ እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። ፎቶው በዓለም ታዋቂ ሆነ። ስሟ ግን አልተመዘገበም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሴትዮዋም ከፎቶው አንዳች እንዳላገኘች ተናገረች። በ1983 እ.ኤ.አ. በጠና ስትታመም ልጆቿ የእናታቸውን ማንነት ተናግረው ለሕክምናዋ እርዳታ ጠየቁ፤ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። አስተውሉ፤ ፎቶው ለእሷ ለራሷ የጠቀማት ስሟ ከተጻፈበት በኋላ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ፤ መንግሥት ዝም አለ። ዝምታውን ከሰበሩት መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው ተመለሱ፤ በግቢያቸውም ለሕዝብ አሳዩ። ይህን በተለይ እዚህ ላላችሁ መምህራን አስታውሳለሁ። የወሎን ረሃብ በምስል ያጋለጡት የውጭ ጋዜጠኞች ብቻ ናቸው ሲባል እንሰማለን፤ እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ግን የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ።

የእንግሊዙ ጆናታን ዲምብልቢ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልሙ በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ታየ፤ እርዳታም ጎረፈ። ከ11 ወር በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙ ያው ነበር፤ ሰዎቹም ያው የወሎ ሰዎች። በመጀመሪያው ጊዜ በጀርባው «እርዱ» ተብሎ ተጻፈ፤ በሁለተኛው ጊዜ «አውርዱ»። ሁለቱንም የጻፉት ሌሎች ናቸው። የተራበው ሰው ምን ብሎ ይጽፍ እንደነበር የጠየቀው የለም።

እዚህ ላይ እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶ ምልክት ያሳያል፤ መንስኤ አያሳይም። የከሳ ልጅ ታያላችሁ። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ስለዚያው የወሎ ረሃብ ያገኘው ግን በየትኛውም ፎቶ ላይ የማይታይ ነው፦ በአገሪቱ የነበረው የምግብ መጠን ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ የወሎ ሰው የመግዛት አቅሙ ነው የሞተው። እህል ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ እየተጫነ ይወጣ ነበር። ምርመራውን በፎቶ ላይ ያቆመ ሰው ሕመሙን «ድርቅ» ብሎ ይጽፋል፤ መድኃኒቱንም «ስንዴ» ብሎ ያዛል።

የ77ቱም እንዲሁ ነው። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር፣ ወደ ሰሜን ለመጓዝ ለሚፈልግ የውጭ ጋዜጠኛ በሩ ጠባብ ነበር። ናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ኮረም ደረሰ። የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን ታየና ዓለም ተናወጠ። አሚን በ1983 አዲስ አበባ ላይ በጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ፤ ኅዳር 14 ቀን 1989 ደግሞ በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሕይወቱ አለፈ። በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፈው ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶም ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ ኮረምን አነሳ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ አላቃልልም። የብዙ ሰው ነፍስ ተርፎበታል።

ግን ካርዱን እንመልከት። ከሥሩ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ የመጠለያው ስምና ዓመቱ ነው። እንዲህ ባሉ መጠለያዎች ሰው የሚሞተው በረሃብ ብቻ አይደለም፤ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ታይፈስና የደጋው ብርድ አብረው ይገድላሉ። ጦርነቱም አለ። ይህ ሁሉ ከፎቶው ውጪ ቀርቷል። መጨረሻውም አልተጻፈም፤ ያ ልጅ ዳነ ወይስ ሞተ?

መጨረሻቸው ከታወቀልን ጥቂቶች አንዷ ብርሃን ወልዱ ናት። መቀሌ ላይ በሞት አፋፍ ሳለች በካናዳ ቴሌቪዥን የተቀረጸች ሕፃን ነበረች፤ ምስሏም ሐምሌ 6 ቀን 1977 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታየ። ሰኔ 25 ቀን 1997 ለንደን ላይ በመድረክ ስትቆም ግን የግብርና ትምህርት የተማረች ወጣት ነበረች። ክትትል ማለት ይሄ ነው።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። ካሜራ የሚደርሰው መንገድ ያለበት ነው። ኮረምም፣ ባቲም፣ መቀሌም መኪና የሚገባባቸው ከተሞች ናቸው። ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረና፣ ለጋምቦ ከዋናው መንገድ የራቁ ናቸው፤ የእኛን ደጋ ከ77 ፎቶዎች መካከል ብትፈልጉ ብዙ ትደክማላችሁ። ያኔ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ በቤታችን ከዚያ ዘመን አንድም ፎቶ የለም። ስማቸው ግን አለ። በለቅሶ ቤት፣ በቡና ላይ፣ እገሌ በ77 ሞተ፣ እገሊት በሰፈራ ኢሉባቦር ሄዳ ቀረች ይባላል። እንግዲህ የወሎ ታሪክ እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል፦ ፎቶ የተነሱት ስም የላቸውም፤ ስም ያላቸው ደግሞ ፎቶ የላቸውም።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት የሕፃናት ክፍል እንግዶች ካሜራ ይዘው ገቡ። በጠና የከሳ ልጇን ታቅፋ የነበረች እናት ነጠላዋን ልጁ ላይ ጣል አደረገችና «ዛሬ ተዉት፤ ሲድን አንሱት» አለች። ልጁ መጀመሪያ ኤፍ 75 ወተት፣ ከዚያ ፕላምፒ ነት እየወሰደ አገገመና ወጣ። በወጣበት ቀን ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። እኔ ስለ ዶክመንተሪ ፎቶግራፍ ካነበብኩት ሁሉ የዚያች እናት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበልጥብኛል። የሕመምተኛ ፈቃድ ምን እንደሆነ በዚያ ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ካሜራው በእኛው ጋውን ኪስ ውስጥ ነው። ቁስሉን እናነሳለን፣ ኤክስሬዩን እናነሳለን፣ ለምክክር ብለን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንልካለን። ሰው ለማሳከም ብለን የታመመ ልጅ ፊት ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ገንዘቡም ይሰበሰባል። ልጁ ግን አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ፎቶ እዚያው አለ።

በአክብሮት ማንሳት እንደሚቻል ያሳዩን የአገራችን ልጆች አሉ። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀምራ አፍሪካውያን ራሳቸውን የሚያሳዩበት መድረክ ከፈተች። ሙሉጌታ አየነ መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበትን የአውሮፕላን አደጋ ሥፍራ አንስቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አገኘ። በፎቶው ላይ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር በፊቷ ላይ ስትበትን ትታያለች። ለውጭ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ ለእኛ ግን የለቅሶ ወጋችን ነው። ያንን ለመረዳት እዚህ መወለድ ይጠቅማል።

ሐኪም ናችሁና በመጨረሻ ማዘዣ ልጻፍ፤ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ መምህራኖቻችን ለተማሪዎቻችሁ ደም መቅዳትን እንደምታስተምሩት ሁሉ ፎቶ ማንሳትንም አስተምሯቸው፦ ለምን እንደሚነሳ ማስረዳት፣ ማስፈቀድ፣ «አይሆንም» ሲባል ስልክን ኪስ መክተት፣ እንቢ ያለውም ሰው ሕክምናው እንዳይጓደልበት ማድረግ። ሁለተኛ፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ የሕመምተኛን ፊት መለጠፍ ግዴታ እንዳልሆነ ማኅበራችን አርአያ ይሁን፤ እኛ እናውቃለን ብለን በስማችን ብንለምን ሰው ያምነናል። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። በ77 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 60 ዓመት አልፎታል። በየተመላላሽ ክፍላችን ግፊትና ስኳር ሊታይ የሚመጣው እሱ ነው። ከታሪክ ክፍል ባልደረቦቻችን ጋር ሆነን፣ ፈቃደኛ የሆኑትን በሚወዱት ልብስ፣ በሚወዱት ቦታ እናንሳቸው። የነገሩንን እንመዝግብ፦ ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ በዚያ ዘመን ያጡትን ሰው ስም፣ እንዴት እንደተረፉ። አንዱን ቅጂ ለእነሱ እንስጥ፤ ሌላውን ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እናስቀምጥ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነው። እኔ ከከላላና ከመካነ ሰላም በኩል ለመጀመር ዝግጁ ነኝ፤ አብሮኝ የሚሠራ ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ።

በዚህ መጽሔት ላይ የሁላችንም ፎቶ ከነስማችን፣ ከነተመረቅንበት ዓመት ይወጣል። አንዳችንም ስማችን ተሳስቶ ቢታተም ዝም አንልም፤ አዘጋጆቹ ምስክር ናቸው። ለሌላውም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።