«ይህ ማሕሼቭ አይደገፍም» ሲባል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ፔታሕ ቲክቫ፣ የተደረገ ንግግር)



አንዲት እናት የቆየ መጽሔታችንን ይዘው ወደ ክበቡ መጡ። ውስጡ የሟች ባለቤታቸው ንግግር ታትሟል። «የልጅ ልጆቼ ፊደል አልቆጠሩም፤ በማሕሼቭ ጻፉልኝና በዕብራይስጥ ይረዱት» አሉን።

ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው። ፎቶ ግን ጽሑፍ አይደለም፤ ቃል አይፈለግበትም፣ አይታረምም። ቴሰራክት የሚባል፣ ሥዕሉን ወደ ፊደል የሚለውጥ ነጻ ፕሮግራም አለ። ኤችፒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ተጀምሮ በ2005 ለሁሉም ክፍት ሆነ። አማርኛም ያነባል። በ2018 የወጣው አራተኛው ዕትም ከበፊቱ በጣም ይሻላል።

ችግሩ የክበባችን ማሕሼቮች ናቸው። ቂርያት አርዬ ስንት የሃይቴክ ሕንጻ ቆሟል፤ እኛ ጋ ያሉት ግን ሰው የጣላቸው ባለ 32 ቢት ላፕቶፖች ናቸው፣ ራማቸው አንድ ጊጋ። ኡቡንቱ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ዋናውን መጫኛ ማውጣት በ2017 አቁሟል። እኛ የ2016ቱን፣ 16.04ን ይዘን ቀረን። ከእሱ ጋር የሚመጣው ቴሰራክት ሦስተኛው ነው። ሞከርነው፤ «ሰላም» የሚለውን «ለላም» ብሎ አነበበው። እማማ ሳቁ፤ «ባለቤቴ ለላም አልተናገረም!» አሉ።

በእኔ የሥራ ላፕቶፕ ቢሆን አራተኛው ቶሎ ይጫን ነበር። ግን እኔ ስሄድ ፕሮግራሙም አብሮኝ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ከጻፈው ኮድ ራሳችን ልናዘጋጀው፣ ማለትም ኮምፓይል ልናደርገው ወሰንን። ለወላጆች እንዲህ ልበል፦ የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ መግዛትና ዛላውን ገዝቶ ራስ ማዘጋጀት ነው ልዩነቱ። ከእኛ 16.04 ጋር የሚመጣው የተፈጨ ደግሞ ያ አሮጌው ሦስተኛው ነው።

ዛላው ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ቴሰራክት ሌፕቶኒካ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ቢያንስ 1.74ን። የእኛ 1.73 ነበር። በአንድ ቁጥር! መጀመሪያ እሱን ሠራን። ከዚያ ዋናውን ጀመርን፤ መሀል ላይ ቀጥ አለ። «ተገደለ» ብሎ ጽፎ ዝም። ለካ ኮዱ ምንም አልሆነም፤ አራት ፋይል በአንዴ እንዲሠራ አዝዘነው ራሙ አልቆበት ነው። አንድ በአንድ አደረግነው፣ ከሃርድ ዲስኩ ሁለት ጊጋ ቆርሰን ለራሙ ማገዣ ሰጠነው፣ ትተነው ወደ ቤት ሄድን። ጠዋት ጨርሶ ጠበቀን።

ደስ ብሎን ስንከፍተው፣ ሌፕቶኒካን አላገኘሁም አይል መሰላችሁ! እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ። ሁለት ቀን ተንገላታን። ያገኘችው የ14 ዓመት ልጅ ናት። እኛ የመጨረሻውን መስመር እያየን እንናደዳለን፤ እሷ ወደ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ስህተት አነበበች። መፍትሔው አንዲት ትእዛዝ ነበረች፣ ኤልዲኮንፊግ፤ አዲሱ ፋይል የት እንዳለ ለሲስተሙ ትነግራለች።

አሁን ይሠራል። ቀርፋፋ ነው፤ አሮጌው ፕሮሰሰር አዲሶቹ ያላቸው ፈጣን የስሌት መንገድ ስለሌለው አንድ ገጽ እስኪያነብ ቡና ይፈላል። ስህተትም አይጠፋውም፤ ግን ላሟ ቀርታለች። እማማ ከወረቀቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፣ የልጅ ልጃቸው ስክሪኑ ላይ እየተከተለ ፊደል ያርማል። ስድስቱን ገጽ እንዲህ ጨረሱ።

ሌሎቹ ዕትሞች ገና ናቸው። ቤታችሁ የድሮ መጽሔት ካለ አምጡልን፤ አንብበን እንመልሳለን።