ለቢሮም ለመንገድም የሚሆን የጀርባ ቦርሳ

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ መርካቶ ገብታችሁ የጀርባ ቦርሳ ስትመርጡ ከቀለሙ በፊት ዚፑን ፈትኑት። ጨርቁ ደህና ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። ማዕዘኑ ላይ ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ከያዘ ተዉት። የላፕቶፑን ኪስ ደግሞ ዳብሱት። ከቦርሳው ወለል ከፍ ብሎ ካልተሰፋ፣ ታክሲ ውስጥ ባስቀመጣችሁት ቁጥር መሬቱን የሚመታው ኮምፒውተሩ ነው።

ለቢሮም ለሁለት ሦስት ቀን ጉዞም ከ25 እስከ 30 ሊትር ይበቃል። 40 ሊትር ግዙ የሚላችሁን ነጋዴ አትስሙት! ሲሞላ ይከብዳል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ የቦርሳው የራሱ ክብደትም እዚያው ይቆጠራል። “ውሃ አያስገባም” የሚለውንም ለክረምት አትመኑት። ዝናቡ በስፌቱ ይገባልና ሰነዳችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ።