ቃል ስለሌለው ቴአትር
(በትምህርት ቤታችን የዓመት በዓል ቀን በድራማ ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጋረጃው ሲከፈት የምታዩት፥ እንደ ወትሮው ንጉሥና ባለሟል የሚነጋገሩበት ድራማ አይደለም። ሃያ ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ተደርድረው፥ እኛ በየተራ ወደ ፊት እየወጣን ጥርሳችንን፥ መዳፋችንንና ጀርባችንን ስናሳያችሁ ታያላችሁ። አንዳንዶቻችሁ መሣቃችሁ አይቀርም፤ እኛም በመጀመሪያው የልምምድ ቀን በጣም ሥቀናል። ስለዚህ ነገሩ ከየት እንደ መጣ አስቀድመን ልንገልጽላችሁ ወደድን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፒና ባውሽ የምትባለው ጀርመናዊት በ1940 ዞሊንገን በተባለች ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ምግብ ቤት ነበራቸውና በልጅነቷ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ የእንግዶቹን ሁኔታ ትመለከት ነበር ይባላል። በኤሰን ከተማ ከታወቀው የዳንስ መምህር ከኩርት ዮስ ዘንድ ተምራ፥ በ1973 በቩፐርታል ከተማ ቴአትር የዳንስ ክፍል ኃላፊ ሆነች። የከተማው ሕዝብ ግን ለባሌ ጥሩ ልብስና ለስላሳ ጫማ የለመደ ስለ ነበረ፥ በሥራዋ ተቈጥቶ በሩን እያላተመ የሚወጣው ተመልካች ጥቂት አልነበረም። በ1975 ባሳየችው «የፀደይ መሥዋዕት» መድረኩን በሙሉ አፈር አልብሳዋለችና፥ ተወዛዋዦቹ በላብና በጭቃ ተለውሰው፥ ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ልጃገረድ እስክትወድቅ ድረስ ትጨፍራለች። (ይህንኑ ሥራ በ2020 ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ ወጣቶች በሴኔጋል ባሕር ዳር በአሸዋ ላይ ተለማምደውታል።)

የአሠራሯ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ተወዛዋዦቿን «እግራችሁን እንዲህ አንሡ» ከማለት ይልቅ ጥያቄ ትጠይቃቸው ነበር፤ እነርሱም በአካላቸው፥ አንዳንዴም በቃላቸው ይመልሱላት ነበር። ከመልሶቹ መካከል ጥቂቱን መርጣ ታያይዘዋለች፤ የቀረው ይጣላል።

በ1978 ያወጣችው «ኮንታክትሆፍ» የተባለው ሥራ፥ ሰዎች በአንድ የጭፈራ አዳራሽ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት፥ የሚፈላለጉበትና የሚጐዳዱበት ነው። ይህንኑ ሥራ፥ እንቅስቃሴውን ሳትለውጥ፥ በ2000 ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ የከተማው ወንዶችና ሴቶች ሰጠቻቸው። በ2008 ደግሞ ከ14 ዓመት ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ሰጠች፤ በ2009 ከመሞቷ በፊት ማለት ነው። እነዚያ ተማሪዎች ዳንስ የተማሩ አልነበሩም። አንዱ የሌላውን ትከሻ መንካት እንኳ ያሳፍራቸው ነበር። ስለ እነርሱ የተሠራውን ፊልም ስናይ፥ የኛ ክፍል ተማሪዎች መሰሉን።

እኛም ከእርሷ መክፈቻውንና የጥያቄውን ዘዴ ብቻ ተበድረን የራሳችንን ሠራን። ጥያቄያችን፦ «ሰው ሲያይህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነበር። አንዱ ኮሌታውን ያቃናል፤ አንዷ ስትሥቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ሌላው ምንም ሳይኖርበት ኪሱን ይዳብሳል። ከመምህራን አንዱ ልምምዳችንን አይተው «ንግግሩ የት አለ?» ብለው ጠየቁን። በጊዜው መልስ አላገኘንም ነበር። በኋላ ግን፥ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው፥ በሠርግ ቤትም ትከሻዋን ይዛ እስክስታ የምትወርድ አክስት፥ ምን ቃል ይናገራሉ? እያልን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን።

ብዙ ያከራከረን ግን ልጃገረዷን ወንዶች ከብበው የሚቆሙበት ክፍል ነው። እንሰርዘው ያልን ወንዶቹ ነበርን። ሴቶቹ ጓደኞቻችን፥ «ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን በየቀኑ የምናልፍበት መንገድ ይህ ነው፤ ለምን ይሰረዛል?» አሉን። እኛም አፍረን ዝም አልን፤ ክፍሉም ሳይሰረዝ ቀረ።

ከመካከላችን አንዲቱ አባቷ ስለ ከለከሏት ዛሬ ከእኛ ጋር አልወጣችም። በእርሳቸው አንፈርድም፤ ነገሩን በወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። ዛሬ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ ሰምተናል። ከግራ በኩል ሦስተኛው ወንበር የእርሷ ነው፤ ሌላ ሰው አላስቀመጥንበትም። ተራዋ ሲደርስ ማንም ሳይወጣ ጥቂት ዝም እንላለን። ይህን ስታዩ መሥመራችን የጠፋን እንዳይመስላችሁ።

አሁን መብራቱ ይጠፋል።