ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወደቀ፤ ሥራዬ ግን አልጠፋም

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ በስንት ልመና ያገኛችሁትን የእሑድ ዕረፍት ትታችሁ እኔን ልትሰሙ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም እንደ እናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቤይሩት ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ስመጣ ኮምፒውተር የማውቀው አቧራውን ስወለውል ብቻ ነበር። ስለዚህ የዛሬውን ነገር «ይህ ለተማረ ሰው ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ነገሩ የጀመረው በደመወዝ ነው። ባለፈው ዓመት ደመወዜ ይቆራረጥ ጀመር። አንድ ወር ግማሹ ይሰጠኛል፣ ሌላ ወር ምንም የለም። ማዳም «ሁሉንም ከፍያለሁ» ትላለች፤ እኔ «አልተቀበልኩም» እላለሁ። በቃል ስንከራከር ሁልጊዜ የምትረታው እሷ ናት። የጻፍኩበት ደብተርም ቤት ሲጸዳ ከቆሻሻ ጋር ሄደ። ይህን ለኮምፒውተር አስተማሪያችን ባጫውታት «ሒሳብሽን በኤክሴል ያዢው» አለችኝ። «እኔ ኮምፒውተር ከየት አመጣለሁ?» አልኳት። «በእጅሽ ካለው ስልክ ሆነሽ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ትገቢያለሽ» አለችኝ። የቀለደችብኝ ነበር የመሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት አንድ ግቢ በግድግዳ ተከፋፍሎ ለአምስት ለስድስት ተከራይ ይሰጥ የለ? ግቢው አንድ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና ቁልፍ አለው። አንድ ትልቅ ኮምፒውተርም እንዲሁ በውስጡ ይከፋፈላል። እያንዳንዷ ክፍል ራሷን የቻለች ኮምፒውተር ሆና ትሠራለች። ይህች ክፍል ቨርቹዋል ማሽን ትባላለች። ሪሞት ዴስክቶፕ ደግሞ ወደ ክፍሏ የሚያስገባ መንገድ ነው። የማሽኑ ምስል ወደ ስልካችሁ ይመጣል፤ ጣታችሁ የሚነካው ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ማይክሮሶፍት ይህን በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ አስገብቶታል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ለመግባት አራት ነገር ያስፈልጋል፤ ስልኩ ላይ የሚጫነው አፕ፣ የማሽኑ አድራሻ፣ ዩዘር ኔም እና ፓስወርድ። አፑን ከስልካችሁ መደበኛ የአፕ መደብር ብቻ አውርዱ። የመደመር ምልክቱን ነክታችሁ አድራሻውን ጻፉ፣ ከዚያ ስምና ፓስወርዳችሁን። መጀመሪያ ስትገቡ «ይህን ማሽን ታምኛለሽ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ዝም ብላችሁ «አዎ» አትበሉ፤ የሚታየውን ስም አስተማሪዋ ከሰጠቻችሁ ጋር አስተያዩ። ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ከሠራችሁ ኢንተርኔት ብዙ አይበላም፤ ቪዲዮ ከከፈታችሁ ግን ካርዳችሁ ያልቃል።

እኔ ማታ ሁሉም ሲተኛ አሥር ደቂቃ እገባለሁ። ቀኑን፣ የተቀበልኩትን፣ የቀረውን፣ ለእናቴ የላክሁትን እጽፋለሁ። አንድ ማታ እየጻፍኩ ማዳም ጠራችኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሮጥኩ። ወለል ስወለውል ጎንበስ ብል ስልኬ ባልዲው ውስጥ ገባ። ደርቆም አልነሳ አለ። ያን ሌሊት ያለቀስኩት ለስልኩ አልነበረም፤ ለስምንት ወር ሒሳቤ ነበር።

እሑድ መጥቼ በጓደኛዬ ስልክ ገባሁ። እህቶቼ፣ ያቋረጥኩት መስመር ላይ እንደተከፈተ ጠበቀኝ! ለካ ፋይሉ ያለው ማሽኑ ላይ እንጂ ስልኬ ላይ አልነበረም። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ማሽኑ ካልጠፋ ወይም እንዲዘጋ ካልታዘዘ ሥራው እንደተከፈተ ይቆያል። ቢሆንም እየሴቫችሁ ሥሩ፤ ሴቭ ያልተደረገ ነገር ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ አይገኝም።

ሒሳቡን አሳትሜ ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር ለማዳም ባለቤት አሳየን። ቀን በቀን ተጽፎ ሲያየው ዝም አለ። ካልተከፈለኝ ሦስት ወር የሁለቱን ከፈለኝ። የአንዱን ገና እየጠየቅኩ ነው። ኮምፒውተር አሠሪን ደግ አያደርግም፤ ግን «አልተጻፈም» እንዳይሉን ያደርጋል።

አሁን ጥንቃቄውን ስሙኝ። በሰው ስልክ ከገባችሁ ፓስወርድ እንዲያስታውስ አትፍቀዱ፤ ስትጨርሱም መስኮቱን መዝጋት አይበቃም፣ ሳይን አውት በሉ። መስኮቱን መዝጋት በሩን ገርበብ አድርጎ መውጣት ነው፤ ሳይን አውት ግን መቆለፍ ነው። የባንክ ሒሳባችሁንም እዚያ ማሽን ላይ አትክፈቱ፤ ግቢው የሰው ነው፣ ባለቤቱ መግባት ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። አንዲት እህታችን ዘንድ «ከባንክ ነው» የሚል ሰው ደወለ። አፕ አስጫናትና «የሚታይሽን ቁጥር ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። እሱ ከሩቅ ሆኖ ስልኳን ያይ ነበር፤ በመልእክት የመጣላትን የሚስጥር ቁጥርም አየ። የሁለት ዓመት ላቧ በአንድ ከሰዓት ሄደ። መንገዱ አንድ ነው፤ አቅጣጫው ነው የተገለበጠው። እኔ ወደ ማሽን ስገባ ሥራ ነው፤ የማላውቀው ሰው ወደ ስልኬ ሲገባ ግን ሌባ ነው። ባንክ እንዲህ ብሎ አይደውልም። ተሳስታችሁ ከፈቀዳችሁ ወዲያው ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ አፑን ሰርዙ፣ በሌላ ስልክ ባንካችሁ ደውሉ፣ ፓስወርዳችሁን ቀይሩ። አፍራችሁም አትደብቁ፤ ያቺ እህታችን በእፍረት ሦስት ቀን ዝም ባትል ኖሮ ምናልባት የተወሰነው ይተርፍ ነበር።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። አፑን አብረን እንጭን፤ የመጀመሪያው መስመር የዚህ ወር ደመወዛችሁ ይሁን።