ቴሌቪዥን በራሱ ሲጠፋ፦ የመከላከያ ዑደት፣ የቆይታ ጊዜና የምርመራ ቅደም ተከተል

በራሱ የሚጠፋ ቴሌቪዥን ጨርሶ ከማይበራ ቴሌቪዥን ጋር አንድ ተደርጎ መታየቱ ለብዙ ከንቱ ጥገና መነሻ ሆኗል። ጨርሶ የማይበራው መሣሪያ አንድ አካሉ ሥራውን አቁሟል፤ በርቶ ቆይቶ የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ከወሰን ያለፈ ነገር በማየቱ፣ ወይም ከአንድ ስፍራ የማጥፊያ ትእዛዝ ስለደረሰው ነው። ስለዚህ መርማሪው ምኑ እንደተበላሸ ከመጠየቁ በፊት መሣሪያው ምን አይቶ እንደጠፋ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለዚህ ጥያቄ ክዳን ሳይከፈትና መለኪያ ሳይነካ የሚገኘው ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ጊዜ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው በርቶ የቆየበት ጊዜ፣ ከጠፋ በኋላ መልሶ ለመብራት የሚፈልገው ዕረፍት፣ እንዲሁም ይህ ቆይታ ከሳምንት ወደ ሳምንት መርዘሙ ወይም ማጠሩ ነው።

በጥገና ቤቶች ፕሮቴክሽን የሚባለው የመከላከያ ዑደት፣ ማለትም አደጋ ሲያይ ኃይል የሚያቋርጠው የመሣሪያው ክፍል፣ ታሪክ አለው። ባለመስታወት ቱቦው የቀለም ቴሌቪዥን ምስል የሚፈጥረው ኤሌክትሮኖችን 25,000 ቮልት በሚጠጋ ቮልቴጅ እየሳበ ወደ ፊት መስታወቱ በመወርወር ሲሆን፣ ይህ ቮልቴጅ ከልኩ ሲያልፍ ከውስጥ የሚወጣው ኤክስሬይ ለጤና የሚያሰጋ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ የሠራቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የቀለም ቴሌቪዥኖች ከሚገባው በላይ ጨረር እንደሚያወጡ ከታወቀ በኋላ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1968 የጨረር ቁጥጥር ሕግ አወጣ፤ ቮልቴጁ ሲያሻቅብ መሣሪያውን የሚያጠፋው ዑደትም በባለቱቦ ቴሌቪዥኖች እየተለመደ ሄደ። በዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ቱቦውም ጨረሩም የሉም፤ ከጉዳት በፊት ራስን የማጥፋት መርሕ ግን ወደ ኃይል አቅራቢው ክፍል፣ ስክሪኑን ከኋላ ወደሚያበራው ባክላይትና ወደ ድምፅ ማጉያው ተስፋፍቷል።

ከብልሽት በፊት ትእዛዝ መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም ምርመራው ወጪ የለውም፣ ሳይደረግ ሲቀር ግን ደኅና ቦርድ ያስቀይራል። እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ይሠራበት የነበረው የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 642/2009 ደንብ ቴሌቪዥን ተጠቃሚው ለመጨረሻ ጊዜ ከነካው በኋላ ከ4 ሰዓት ቆይታ ሳያልፍ ራሱን እንዲያጠፋ ያዝ ነበር፤ ይህንኑ የሚያደርግ የኃይል ቁጠባ ምርጫ ለሌላ ገበያ በተሠሩ ብዙ ሞዴሎች ውስጥም ይገኛል። መሣሪያው ሁልጊዜ ከእኩል ቆይታ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ በተለይም ከመጥፋቱ በፊት በስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ካሳየ፣ የሚታየው የቁጠባው ወይም የእንቅልፍ ሰዓት ምርጫው ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ የሚመጣው በኤችዲኤምአይ ገመድ ነው፤ በሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ በኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ በሶኒ ብራቪያ ሲንክ የሚባለው አሠራር ሪሲቨሩ ሲተኛ ቴሌቪዥኑንም ይዞት እንዲተኛ ያደርጋል። ሦስተኛው የተጣበቀ የሪሞት ወይም የመሣሪያው ራሱ ማብሪያ ቁልፍ ነው፤ ማንም ሳይነካው ሪሞቱ ምልክት መላክ አለመላኩን በስልክ ካሜራ ማየት ይቻላል፣ ዓይን የማያየውን የሪሞት ብርሃን ብዙዎቹ ካሜራዎች ያሳያሉና። የቁጠባውንና የእንቅልፍ ሰዓቱን ምርጫ ዘግቶ፣ የሪሞቱን ባትሪ አውጥቶ፣ ከኃይል ገመዱ በቀር ሌላውን ሁሉ ነቅሎ፣ ቴሌቪዥኑን ብቻውን ለጥቂት ሰዓታት ማብራት ሦስቱንም ጥርጣሬዎች በአንድ ጊዜ ይለያል፤ የመሣሪያው ቁልፍ ብቻ ለብቻው መታየት ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቤቱ መብራት ነው። በኢትዮጵያ ወደ ቤት የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ተብሎ ቢታወቅም፣ ምሽት ላይ ዝቅ ማለቱ፣ ተመልሶ ሲመጣም መዝለሉ በየቤቱ የሚታወቅ ነው፤ ስለዚህ በቴሌቪዥኑና በሶኬቱ መካከል ስታቢላይዘርና ዲቫይደር ይደረደራሉ። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሪሌይ በሚባል በኮረንቲ በሚንቀሳቀስ ማገናኛ ከሆነ፣ ቀጭ በሚልበት በእያንዳንዱ ቅጽበት ኃይሉ ለአፍታ ይቋረጣል። ፍሪጁ ሲነሳ ወይም አምፖሉ ሲደበዝዝ አብሮ የሚጠፋ ቴሌቪዥን ምስክርነቱን የሚሰጠው ስለዚህ መንገድ ነው፤ የላላ መሰኪያና የጠቆረ ዲቫይደርም ከዚሁ ወገን ናቸው። በብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ በግድግዳው ሶኬት ላይ ለብቻው ተሰክቶ ሲሞከር የማይጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከውጭ ነው ለማለት ያስችላል። ሆኖም ደኅና መሣሪያ የአፍታ መቋረጥን መሸከም ይገባው ነበርና፣ መሸከም ያቃተው ምናልባት ውስጡም ደክሞ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ድካም ስፍራ ኃይል አቅራቢው፣ በጠጋኞች አጠራር ፓወር ሰፕላይ፣ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው ተለዋዋጭ ኮረንቲ እዚህ ወደ ቀጥተኛ ሲቀየር ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ ከዚያም በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየተቆራረጠ በትራንስፎርመር ወደ 12 እና 5 ቮልት የመሳሰሉ ዝቅተኛ ቮልቴጆች ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ ቤቱን እንደሚያገለግል ሮቶ ናቸው፤ ክምችታቸው ሲሟጠጥ ትንሿ መቋረጥ እስከ መጨረሻው ትሰማለች። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ በመሐንዲሶች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚቀንስ ያመለክታል። ካፓሲተር የደከመበት ቴሌቪዥን በጊዜ ማስረጃው በግልጽ ይታወቃል፦ መጀመሪያ በሁለተኛው ሙከራ ይበራል፣ ከወራት በኋላ በአምስተኛው፣ ከዚያም ብዙ ከተሞከረ በኋላ፤ አንዴ ከሞቀ ግን ሊቆይ ይችላል፣ ሙቀት የደከመውን ፈሳሽ ለጊዜው ያነቃቃዋልና። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ለዓይን ይታያል፤ አናቱ ደኅና ስለሆነ ብቻ ግን ነጻ ሊባል አይገባም፣ ውስጣዊ ተቃውሞው በመለኪያ መታየት አለበት እንጂ።

ሌላው ሰፊ ምክንያት ባክላይቱ ነው፤ በትኩረት ሊታይ የሚገባውም እርሱ ነው። ኤልኢዲ የሚባሉት ጥቃቅን አምፖሎች በረድፍ ተያይዘው አንዱ ለሌላው ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ከረድፉ አንዱ ሲቋረጥ ሁሉም ይጨልማል። ኃይል የሚሰጠው ክፍል ኮረንቲውን ለመመለስ ቮልቴጁን ያሻቅባል፣ ወሰኑ ላይ ሲደርስም ይዘጋል፤ አንዳንዱ ሞዴል ባክላይቱን ብቻ ዘግቶ ድምፁን ያስቀጥላል፣ ሌላው መሣሪያውን በሙሉ ያጠፋል። ምስሉ ብልጭ ብሎ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ቴሌቪዥን በአመዛኙ የዚህ ምልክት ነው፤ ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ሲጨልም ደግሞ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ በማብራት ምስሉ በደብዛዛው መኖሩን ማረጋገጥ ይቻላል። አምፖሎቹን ቶሎ የሚያደክማቸው ሙቀት ነው፤ ለመደብር ማሳያ ተብሎ እስከ ላይ የተጫነው ብርሃን በቤት ውስጥ ለማንም አይጠቅምምና ገና በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ቢል ዕድሜያቸው ይረዝማል።

ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ጠፍቶ፣ ጥቂት ሲያርፍ መልሶ የሚበራው መሣሪያ ስለ ሙቀት ይናገራል። የተሰነጠቀ ብየዳ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ግንኙነቱም ይላቀቃል፤ ተቆጣጣሪው ክፍልም ራሱ ሲሞቅ ሥራ ያቆማል። እዚህ ላይ የከፍታ ነገር ሊታሰብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን ይዞ የመሄድ አቅሙ ደካማ በመሆኑ፣ የከተማዋ ቅዝቃዜ ያስገኘው ጥቅም ከፊሉ በዚህ ይጠፋል። ቴሌቪዥን በቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከኋላ ያሉት ቀዳዳዎች በጥልፍ ልብስ ሲሸፈኑ ወይም በአቧራ ሲደፈኑ ይህ ችግር ይብሳል።

በዚህ ሁሉ መካከል አጥብቆ ሊወገዝ የሚገባው አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም ምክንያቱን ሳይፈልጉ የመከላከያውን ዑደት በሽቦ መዝለል ነው። እንዲህ የተሠራ ቴሌቪዥን ስለማይጠፋ የተጠገነ ይመስላል፤ የሞቀው አካል ግን መሞቁን ይቀጥላል፣ በመካከሉም እሳት የሚከለክል ነገር አይቀርም። ልምድ የሌለው ባለቤትም ክዳኑን ሊከፍት አይገባም፤ 310 ቮልት የተሸከመው ካፓሲተር ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ያጠራቀመውን ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ባለሙያውም ቢሆን ያንን ኃይል በጠመንጃ መፍቻ አጋጭቶ ሳይሆን በተገቢ ተቃዋሚ አካል ቀስ ብሎ ማራገፍና መለካት አለበት። ባለቤቱ ወደ ጥገና ቤት ይዞ ሊሄድ የሚገባው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር በወረቀት የተጻፈ ማስታወሻ ነው፦ በስንት ሰዓት በራ፣ በስንት ጠፋ፣ ስንት ደቂቃ አረፈ፣ በዚያ ጊዜ የቤቱ አምፖል ምን ሆነ፣ ከፊት ያለችው ትንሿ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ አለች። ይህ ብልጭታ በብዙ ሞዴሎች ተቆጣጣሪው ምን ዓይነት ስሕተት እንዳየ የሚናገር ቁጥር ሲሆን፣ ትርጉሙ በየሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ጥገናው ካለቀ በኋላም ፈተናው ክዳኑ ተከፍቶ በጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ከሆነ በቂ አይሆንም፤ ክፍት መሣሪያ ነፋስ ስለሚያገኝ በቤት ውስጥ የሚያጠፋው ሙቀት እዚያ አይፈጠርም። ክዳኑ ታስሮ፣ ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ባለቤቱ በሚጠቀምበት የብርሃንና የድምፅ ልክ፣ ማስታወሻው ላይ ከተጻፈው ረጅሙ ቆይታ ቢያንስ እጥፍ ለሚሆን ጊዜ በርቶ ሊቆይ ይገባል።