የእንግዳ ሠራተኛ መመለሻ መንገድ

(ለሥራ ወደ ውጭ ሀገር ለመሄድ ለሚያስቡ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው በጎንደር ፒያሳ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የተሰበሰብንበት የፒያሳ ስም ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙም አደባባይ ማለት ነው። ስሙን ትተውልን የሄዱት በጦር ኃይል የመጡ ነበሩ፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ ድል ተነሥተዋል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብራችንም ከሩቅ የመጣ ስም አለው፤ ቁስቋም ይባላል። ይህም እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ በግብፅ ያረፈችበት ስፍራ ስም ነው። እንግዲህ ጎንደር ሊገዛት የመጣውን ባዕድም፣ መጠጊያ የሚሻውን ስደተኛም ታውቃለች። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ሦስተኛው ነው፤ ጉልበቱንና ሙያውን ይዞ በሰው ሀገር እንጀራውን ስለሚፈልገው ሠራተኛ።

የዚህን ሰው ኑሮ ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያሻንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆችን አስፍረው ነበር። እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉት በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ተምረው፣ በኢየሩሳሌም ይኖር በነበረው በጳጳሱ በሳሙኤል ጎባት የተላኩ ሰባኪዎች ነበሩ። እነርሱ የመጡት ለስብከት ነው፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን መንገድና መድፍ የሚሠራላቸው እጅ ነበር። መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ምክንያታቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ ከብዙ ሙከራና ክሽፈት በኋላም ሥራው ተሳካ።

ኑሯቸው የከፋ አልነበረም። ቤት ነበራቸው፤ ገንዘብና ክብርም ከንጉሡ ያገኙ ነበር። ትዳርም ይዘዋል። ዋልድማየር የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። መድፍ ሠሪው ሞሪትዝ ሃልም እንዲሁ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች የሠዓሊውን የኤድዋርድ ዛንደርን ልጅ አገባ። እንግዳ ሠራተኛ ከሚሻቸው ነገሮች ሁለቱ፣ ደመወዝና ቤተሰብ፣ በጋፋት ተሟልተው ነበር ማለት ይቻላል።

የጎደለው ሦስተኛው ነው፤ ወደ ሀገር የሚመለሱበት መንገድ። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ ከእንግሊዝ ተጨማሪ ባለሙያዎች እንዲያመጣ ዮሐንስ ማርቲን ፍላድን ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ ግን መያዣ ሆነው ቀሩ። በተከታዩ ዓመት ፍላድ ለእነርሱ ሲል ተመለሰ፤ የተመለመሉት ባለሙያዎች ግን የታሰሩት አውሮፓውያን ሳይፈቱ ከምጽዋ ወደ ውስጥ አልዘለቁም። የጋፋት ሰዎች 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠርተው፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል መንገድ እየተጠረገለት ወደ መቅደላ ሲጓዝ አብረው ተጓዙ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ሲያርፉ ባለሙያዎቹ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ የጋፋት እሳት ግን ጠፋ።

ንጉሡ ለሀገራቸው ጥበብን በመመኘታቸው አንነቅፋቸውም። ነገር ግን መሄጃ የሌለው ሰው ሥራውን የሚሠራው ቀኑን እየቆጠረ ነው፤ በሩ በተከፈተለት ዕለት ሙያውን ይዞ ይወጣል። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ በዚያው በደብረ ታቦር በኩል ቻይናውያን ባለሙያዎች መጡ። ከወረታ ወልድያ የሚያደርሰውን፣ ሕዝቡ ዛሬም የቻይና መንገድ የሚለውን ሠርተው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። እነርሱም ከቤተሰብ የራቁ፣ ቋንቋችንን የማያውቁ እንግዶች ነበሩ፤ ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ የሚገቡበት ቤት እንዳላቸው ያውቁ ነበር።

ውድ ወጣቶች፤ ይህን ሁሉ ያነሣነው ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። ዛሬ ከደባርቅና ከዳባት፣ ከዚህም ከከተማችን፣ ልጆቻችን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ በሌላም በኩል ወደ ዐረብ ሀገር ይሄዳሉ። ወላጆች የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ስለ ደመወዙ ነው። እኛ ደግሞ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ እንላለን፤ መመለሻው በማን እጅ ነው? ፓስፖርቱን አሠሪው ከወሰደው፣ ውሉ በማይነበብ ቋንቋ ከተጻፈ፣ ለደላላ የተከፈለው ገንዘብ የቤተሰብ በሬ ተሽጦ የተገኘ ከሆነ፣ ልጃችን እንደ ፍላድ ቤተሰብ መያዣ ሆነ ማለት ነው። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ ጉዞ ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ ሰው መመለሻውን በልመና ሳይሆን በመብት ይጠይቃል። የውሉን ቅጂ እናት ቤት አስቀምጡ። የፓስፖርቱን ቅጂ ለንስሐ አባታችሁ ስጡ። ሳትመለሱ ብትዘገዩ የሚጠይቅላችሁ ሰው ይኑር።

እኛም በበኩላችን በመካከላችን የሚሠራውን እንግዳ፣ የኮንስትራክሽን ባለሙያውንም ሆነ ተፈናቅሎ የመጣውን የቀን ሠራተኛ፣ በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ደመወዙን በቀኑ እንስጠው፤ መታወቂያውን አንያዝበት፤ መሄድ ሲፈልግ ስንቅ ቋጥረን እንሸኘው። በሰው ሀገር ለልጆቻችን የምንመኘውን በደጃችን ላለው ካልነፈግን፣ ጸሎታችን እውነተኛ ይሆናል።

በስደት የነበረችው እመቤታችን የሚሄዱትን ትጠብቅልን፤ የሄዱትንም በሰላም ትመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።