ለአጭር ጊዜ የዓሣ ገንዳ የሚሆን ሕያው ዕፅ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው 30 ሊትር ስለምትይዝ አንዲት የመስተዋት ገንዳ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ሳስተምር ለስድስት ሳምንት ትምህርት ብዬ አዘጋጀኋት፤ ሁለት ትናንሽ ወርቅማ ዓሦችም አኖርሁባት። ከቆቃ ሐይቅ ዳር ያመጣሁትን፣ ሐምራዊ አበባው ያማረውን ተንሳፋፊ ዕፅ ስጨምርባት ተማሪዎቼ ተደሰቱ። ዕፁ ብዙ ሳይቆይ የውኃውን ገጽ ሸፈነው። አንድ ማለዳ የክፍሉን በር ስከፍት ዓሦቹን ሞተው አገኘኋቸው።

ምክንያቱ ለሥነ ሕይወት መምህር እንግዳ አይደለም። ዕፅ በቀን ኦክስጂን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ቅጠሉ ከውኃ በላይ የሆነ ዕፅ ደግሞ ኦክስጂኑን የሚሰጠው በአመዛኙ ለአየሩ ሲሆን፣ ገጹን በመሸፈኑም አየር ወደ ውኃው እንዳይገባ ያግዳል። በእኛ ከፍታ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጂን ሲይዝ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም።

ስለሆነም ለጊዜያዊ ገንዳ በውኃ ውስጥ ተጠልቆ የሚኖር፣ ሥር መስደድ የማያሻው ዕፅ ይመረጣል። በጣና ሐይቅም የሚገኘው ሴራቶፊለም ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ሥር ስለሌለው ምግቡን በግንዱና በቅጠሉ ከውኃው ይወስዳል፤ ቀዝቃዛ ውኃም ይችላል። ለ30 ሊትር ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ ይበቃል። እንደ ቫሊስኔሪያ ያለው በአሸዋ የሚተከል ዕፅ ግን ሥሩ እስኪይዝ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ገና ሲደላደል ገንዳው ይፈርሳል። የቧንቧ ውኃም ክሎሪኑ እንዲተን ክፍት በሆነ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር።

ይሁን እንጂ የጊዜያዊ ገንዳ ዕፅ ዋና ፈተና የመጨረሻው ቀን ነው። እኔ ዓሦቹን ቀበርሁና ዕፁን በአጥሩ ጀርባ ወዳለው ጅረት ጣልሁት። የአካባቢው ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ፣ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል። ከታች ያመጣሁትን ከላይ ለቀቅሁት ማለት ነው። ያ ዕፅ እንቦጭ ነበር። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ታይቷል፤ በአባ ሳሙኤልም ተንሰራፍቷል። የእኔ እፍኝ ዕፅ ይህን ሁሉ አመጣ አልልም፤ ነገር ግን ሳልጠይቅ መጣሌ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ ዕፁን ከመምረጣችሁ በፊት መጨረሻውን ወስኑ። እንቦጭን ስለ አበባው ብላችሁ ከቶ አታስገቡ። ትምህርቱ ሲያበቃ ማንኛውንም ዕፅ በፀሐይ አድርቃችሁ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት፤ ውኃውን በአትክልት ሥር እንጂ በቦይ አታፍስሱት፤ ዓሦቹንም ለሚያሳድግ ሰው ስጡ። ይህን በተማሪዎቻችሁ ፊት ብታደርጉት ከገንዳው ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይሆናል።